የሒሳብ ፕሮግራም ሲሰናከል መመርመር ይገባል

በኡራኤል አካባቢ ከሚገኙት የንግድ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ሒሳባቸውን በኮምፒዩተር መያዛቸው የታወቀ ነው። ይህም የሥራ መሻሻል የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን ፕሮግራሙ በድንገት ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚደረገው መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ የሽያጭ ፕሮግራም ለወራት 12 ቦታ ብቻ የተዘጋጀለት ቢሆን፣ ጳጉሜን በገባች ጊዜ የ13ኛውን ወር ሒሳብ የሚጽፈው ከተመደበለት ስፍራ ውጭ ነው። ቋንቋው ራሱ ወሰኑን ስለማይጠብቅ ፕሮግራሙ ወዲያው ላይቆም፣ ነገር ግን በአጠገቡ ያለውን ሌላ ሒሳብ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ የተፈጸመበትና የታየበት ስፍራ ይለያያሉ።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማግኘት ጂዲቢ የሚባል መርማሪ አለ። ሪቻርድ ስቶልማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የጻፈው ይህ መሣሪያ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሠራል። ባለሙያው ፕሮግራሙን በፈለገው መስመር ላይ ያቆመዋል፤ በዚያ ሰዓት የተያዘውን ቁጥር ይጠይቃል፤ አንድ ቁጥር በተለወጠ ቅጽበት እንዲቆምለት ያዛል፤ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደ ጠራም ወደ ኋላ እየተከተለ ይደርስበታል። ይኸውም ኦዲተር ከመዝጊያው ድምር ተነሥቶ እስከ መጀመሪያው ደረሰኝ እንደሚወርደው ያለ ነው።

ሆኖም ፕሮግራሙ ወደ መኪናው ቋንቋ ሲተረጐም የመመርመሪያው መረጃ ካልተያዘለት፣ ባለሙያው የመስመሩን ቁጥር አያገኝም፤ የክፍሎቹን ስም እንኳ አጥቶ የአድራሻ ቁጥሮችን ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ደረሰኝ እንደ ሌለው ድምር ይቈጠራል።

ስለዚህ ነጋዴው ፕሮግራም ሲገዛ የዋጋውን ነገር ብቻ ተነጋግሮ መፈረም አይገባውም። የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ እንዲሰጠው፣ ይህ ባይሆን ሻጩ ለሸጠው ለእያንዳንዱ እትም የሚስማማውን የመመርመሪያ መረጃ እንዲጠብቅለት በውሉ ያስገባ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚቀረው የማኅደረ ትውስታ ግልባጭም እንዲቀመጥ ያድርግ፤ ነገር ግን የደንበኞች ምስጢር ሊገኝበት ስለሚችል ለማንም በቀላሉ አይሰጥ።

ይህ ወጪ ይጨምራል የሚል አይጠፋም፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በተሳሳተ ሒሳብ ግብር ማሳወቅና ከደንበኛ ጋር መካሰስ የሚያስከትለው ኪሣራ ከዚህ ይብሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ስሕተቱ የማይመረመር ፕሮግራምም ፈውስ የለውም።