የሰፈሩን አናጺ ማን ይጠይቀው?

በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የእንጨት በረንዳ ነው። ፈረንጆቹ «ዴክ» የሚሉት፣ በቋሚዎች ላይ ተነጥፎ ወደ ውኃው የሚያይ የጣውላ በረንዳ ማለቴ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ በረንዳ ምክንያት የሴት አያቴ እጅ ተሰብሯል። በረንዳውን የነደፍኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ታዲያ ይሄ ለእኔ እንዴት ተራ ነገር ይሆናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ብዙም የማይርቅ ቤት አላት። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ «እስቲ አንተ ኢንጂነሩ፣ ሐይቁን እያየን ቡና የምንጠጣባት በረንዳ ሥራልን» አለችኝ። ያን ጊዜ ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ኢንጂነር የሚለኝም ቤተሰቤ ብቻ ነበር። እኔ ግን ስሙን ወደድኩት። ሰፈሩ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙያው የፈጁ አንድ አናጺ አሉ። አክስቴ «ለምን ለእሳቸው አንሰጣቸውም?» ብትለኝ «ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት ዴክ ይሠራል?» ብዬ አስቀረኋት። ሥራው ከአዲስ አበባ ለመጣ ኮንትራክተር ተሰጠ።

ንድፉን ያወጣሁት በውጭ አገር ስለ ባሕር ዳርቻ ቤቶች ከተጻፈ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በቦታው ትክክል ነበር። ከባሕር የሚነሣው ጨው ተራውን ሚስማር በአጭር ጊዜ ይበላዋል፤ ዚንክ የተቀባውንም ቢሆን አይምረውም። ስለዚህ ሞሊብዲነም ያለበትን 316 የሚባለውን ዝገት አልባ ብረት ተጠቀሙ ይላል። እኔም አክስቴን አስጨንቄ ውድ ቡሎን አስገዛኋት። ግን እኮ ጣና ጨው የለበትም! ከተማዋ ባሕር ዳር ብትባልም ባሕሯ ሐይቅ ነው፤ ሕዝቡ ሲጠጣው የኖረ ውኃ። በሌለ ጨው ላይ ገንዘባችንን ጨርሰን እንጨቱ ላይ ቆጠብን። ለቋሚ ዝግባ አስገዛሁ። ዝግባ ለቤት ውስጥ ሥራና ለበር መልካም እንጨት ነው፤ ዝናብና ምስጥ ባለበት መሬት ላይ ግን የሚቆም እንጨት አይደለም።

ስሕተቱ በዚህ አላበቃም። ቋሚዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ዙሪያቸውን በኮንክሪት እንዲሞሉ አደረግኩ። ጠነከረ ብዬ ነበር የማስበው፤ ነገር ግን ኮንክሪቱ እንደ ጽዋ ሆኖ ውኃውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ጣውላዎቹም «አንድም ክፍተት እንዳይኖር» ተብለው ተጠጋግተው ተመቱ። እንጨት ግን ውኃ ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ክረምት ሲመጣ ጣውላዎቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ተነሡ፤ ዝናቡም መውረጃ አጥቶ ላያቸው ላይ ተኛ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ እንቁጣጣሽን ልንጠይቅ በተሰበሰብንበት ቀን፣ የጥጉ ቋሚ ልክ ከኮንክሪቱ አፍ ላይ ተቆረጠና ወለሉ ዘመመ። አያቴ ከነበርጩማቸው ወደቁ። ኮንትራክተሩ ስልክ አያነሣም። ቡሎኖቹ እስከ ዛሬ ያብረቀርቃሉ።

በማግሥቱ ያንን ያስቀረኋቸውን አናጺ ሄጄ ጠራኋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ግንቦት ላይ የለካኸውን መሬት መስከረም ላይ መጥተህ አይተኸው ታውቃለህ?» መልስ አልነበረኝም። ጣና ዝቅ የሚለው ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። እኔ ጉድጓዱን ያየሁት ደረቅ ሳለ ነው። እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ጉድጓዱ ውኃ ሲያቁር ያያሉ። ይህን የሚነግረን መጽሐፍ የትኛው ነው?

ሥራውን በዚያው ዓመት ጥር ላይ እሳቸው እንደገና ሠሩት። እንጨት በሐምሌ አይገዛም አሉ፤ እርጥቡ ከተመታ በኋላ ደርቆ ይጣመማል። ለቋሚ የፈረሰ አሮጌ ቤት ጥድ ፈልገው አመጡ። የጥድ ውስጡ ምስጥ የማይደፍረው መሆኑን አባቶቻችን በአጥርና በቤተ ክርስቲያን ሥራ አሳይተውናል፤ ጥድ ዛሬ እንደልብ የሚቆረጥ ዛፍ ስላልሆነ ደግሞ አሮጌውን መልሶ መጠቀሙ ብልህነት ነው። ቋሚዎቹን መሬት ውስጥ አልቀበሯቸውም፤ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ አቆሟቸው። ምስጥ ሲወጣ የጭቃ መንገዱን ድንጋዩ ላይ ስለሚሠራ ቶሎ ይታያል፣ ይጠረጋል። በጣውላና በጣውላ መካከል ሚስማር እያስገቡ ክፍተቱን ለኩ፤ ወለሉንም ዝናቡ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲወርድ በጥቂቱ አዘነበሉት። ሁሉንም በቱንቢና በውኃ ልክ!

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምን ልንማር እዚህ መጣን?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የተማረ ሁሉ አያውቅም የሚል አቋም የለኝም። ለምሳሌ አናጺው የቋሚዎቹን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሊቀቡት ነበር። ይህ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ምስጥንም ለጊዜው ሊያርቅ ይችላል። ነገር ግን ዝናቡ አጥቦ የሚወስደው ወደ ሐይቁ ነው፤ ከሐይቁ ደግሞ ዓሣ ይበላል። ይህን አስረዳኋቸው፤ ድንጋዩ ከፍ ካለ ዘይቱ እንደማያስፈልግም አብረን አሰብንበት። ተስማሙ። የጭነት ስሌቱንም እኔ ሠራሁ፤ ሰው ሲሰበሰብ ወለሉ ምን ያህል እንደሚሸከም በዓይን ግምት ብቻ መተው የለበትምና። የእኔ ትምህርት የጠቀመው ከእሳቸው ዕውቀት አጠገብ ሲቀመጥ ነው፤ በላዩ ላይ ሲቀመጥ ግን አያቴን ጥሏቸዋል።

ስለዚህ በውኃ ዳር፣ ጣናም ይሁን ሐዋሳ፣ ለቤተሰቡ የሚያሠራ ሁሉ የአካባቢውን ሙያተኛ ቢቀጥር ይመረጣል እላለሁ። ከሁለት ክረምት በፊት የሠራውን ሥራ በእግራችሁ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነገር ቢበላሽም ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ በየቀኑ በበራችሁ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ስሙን ይጠብቃል። ግን መተማመን ብቻውን አይበቃም። «እኛ ጎረቤት አይደለን እንዴ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር ስንቱን ጎረቤት አጣልቷል! የእንጨቱ ዓይነት፣ የሚያልቅበት ቀንና ዋጋው በጽሑፍ ይስፈር። ክፍያውም ቀብድ፣ ቋሚና ማገር ሲቆም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲያልቅ እየተባለ ይከፋፈል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጽናት የ10 ዓመት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ውል ያልጻፈ ሰው ግን ይህን መብቱን በምን ያስረዳል? እኛ አልጻፍንም ነበር፤ ስለዚህ ኮንትራክተሩን ዝም ብለን ተውነው።

በመጨረሻ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለተግባር ልምምድ የምንላከው ወደ ትልልቅ ግንባታዎች ነው፤ መልካም ነው። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንቱን ከአካባቢው አናጺና ግንበኛ ጋር እንድናሳልፍ ቢደረግስ? እነሱ ስሌቱን ከእኛ ያገኛሉ፤ እኛም መሬቱን በግንቦትም በመስከረምም ማየትን ከእነሱ እንማራለን። ወጪው ከሞላ ጎደል የትራንስፖርት ብቻ ነው።

አያቴ እጃቸው ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ያማቸዋል። አዲሱ በረንዳ ላይ ወጥተው ለመቀመጥ አንድ ዓመት ሙሉ እንቢ ብለው ነበር። የወጡትም አናጺው ራሳቸው ቡና ሊጠጡ መጥተው እዚያው ከተቀመጡ በኋላ ነው። እኔ ስጋብዛቸው ግን «አንተ ቅደምና ዝለልበት እስቲ» አሉኝ። ዘለልኩበት። ምን አማራጭ አለኝ?

ቸር ይግጠመን።