የደጀኑ ዲዛይነር መቼ ነው ሥራ የሚይዘው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ጎጃም የሚያቀና መንገደኛ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ ያለቀውን 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርስ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። ከባድ መኪና እዚህ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ተሳፋሪ ወርዶ እግሩን ያፍታታል። በእንዲህ ያለ የመንገድ ዳር ከተማ ከምግብ ቤቱና ከመለዋወጫ ሱቁ መሀል «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ አይጠፋም።

እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ማመልከቻ ይተይባል፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ያዘጋጃል፣ የምርቃት ባነር ይሠራል፣ የጉርድ ፎቶ ጀርባ ይቀይራል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ስልኩ ላይ ኮድ የሚማር፣ ዌብሳይት የሚሞክር፣ ለማያውቀው አገር ሰው ሎጎ ሠርቶ የሚልክ አለ። ቤት ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «ለመሆኑ ሥራ የምትይዘው መቼ ነው?»

በአማርኛ «ሥራ ያዘ» የሚባለው ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው ነው። ቢሮ፣ አለቃና የወር መጨረሻ ከሌለው ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቢያድርም ሥራ ፈት ነው። ይህ አነጋገር ለዛሬው ፍሪላንሰር፣ ማለትም ሳይቀጠር በግሉ ለሚሠራው ባለሙያ፣ ብቻ ሳይሆን ለጎጃም ለራሱ ታሪክም አይመጥንም። የደብረ ማርቆስና የአካባቢው አገር በእጁ ሙያ እየተዋዋለ የሚያድር ሰው አዲስ ነገር የሚሆንበት አገር አይደለም።

ቁም ጸሐፊውን ማስታወስ ይበቃል። ዳዊት ወይም ድርሳን ማስጻፍ የፈለገ ሰው ጸሐፊ ፈልጎ ይነጋገራል፤ ብራናው ከማን እንደሚመጣ፣ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ፣ ዋጋው በገንዘብ ይሁን በእህል ይስማማሉ። ያ መጽሐፍ ሲያልቅ ሌላ አስጻፊ ይመጣል። ጸሐፊው የሚታወቀው በእጁ ጽሑፍ ነው። ይህ አሠራር ዛሬ ኮንትራት፣ ቅድሚያ ክፍያና የሥራ ናሙና ከሚባለው ብዙም አይርቅም።

የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ ከደጀን ጎረቤት ከብቸና የተገኘ ነው። ቀሲስ አዳሙ ተስፋው ብቸና ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በሥዕል አደጉ። በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ሥዕላቸውን እየሸጡ መኖር ጀመሩ፤ ገዢዎቻቸው በአብዛኛው ነጋዴዎችና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። መስቀሉንና ቅዱሳኑን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ታሪክም፣ የገበሬውን የዕለት ኑሮም በሰፋፊ ሸራ ላይ አሰፈሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፋውለር ሙዚየም በሬይመንድ ሲልቨርማን አዘጋጅነት ለእኚህ አንድ ሰው ሥራ ብቻ ኤግዚቢሽን ከፈተ፤ መጽሐፍም ታተመለት። ቀሲስ አዳሙን እዚያ ያደረሳቸው የገበያ ብልጠት ብቻ አልነበረም። ሲስሉ እጃቸው ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ግን የቆየውን ደግመው አይገለብጡም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። ስለ ፍሪላንስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የትኛው ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ፣ ስንት ዶላር መጠየቅ የሚለው ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ሰውዬው ምን ይዞ ነው የሚወጣው? በዓለም ገበያ ላይ ፎቶሾፕ የሚችል፣ ኮድ የሚጽፍ፣ ቴምፕሌት አውርዶ ስም የሚቀይር ሰው ሞልቷል። ከሌላው የተቀዳ ነገር ብቻ ይዞ የገባ ሰው የሚወዳደረው በዋጋ ነው፤ በዋጋ ውድድር ደግሞ ሁልጊዜ በርካሽ የሚሠራ ሌላ ሰው አይጠፋም። ለዓይኑ የራሱ ምንጭ ያለውን ሰው ግን ደንበኛው በስሙ ይፈልገዋል።

ያ ምንጭ ደጀን ላይ ለተቀመጠ ሰው ሩቅ አይደለም። አንድ የብራና ገጽ በቅርብ ሆኖ ማየት ይቻላል። ጸሐፊው መቃውን ቀለም ከመንከሩ በፊት የተፋቀውንና የለሰለሰውን ብራና ይዘረጋል። ጠርዙን በወስፌ እኩል እኩል እየለካ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማስመሪያ ይዘረጋና በዶልዶም ብረት ይሰምራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ስስ ጭረት ነው። ጽሑፉ በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓምድ ይወርዳል፤ ዙሪያውን እጅ የሚይዘውና ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ይተዋል። በምዕራፉ መግቢያ ላይ ሐረግ የሚባለው ጌጥ ይጠላለፋል። ዛሬ ዌብሳይት የሚሠራ ሰው «ግሪድ» ብሎ የሚማረው ነገር ይኸው ነው፤ አንባቢው የማያየው፣ ግን ገጹን ቀጥ አድርጎ የያዘው መስመር።

ከዚያ ገጽ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። የላቲኑ ፊደል ትልቅና ትንሽ ቅርጽ አለው፣ ዘመም የሚል ቅርጽም አለው፤ ዲዛይነሩ አንድን ቃል ለማጉላት እነዚህን ይመዝዛል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም። ከውጭ የወረደ ቴምፕሌት «ይህ ቁልፍ በትልልቅ ፊደል ይጻፍ» ብሎ ሲያዝ አማርኛው ላይ ምንም አይለወጥም፤ ገጹም ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ቁም ጸሐፊው ግን ጉዳዩን ከዘመናት በፊት ፈትቶታል፤ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም፣ የመግቢያውንም መስመር በቀይ ቀለም ጻፈ። ማጉላት በቀለም፣ በውፍረትና በቦታ ሊሆን እንደሚችል ለመማር ብራናውን ማየት ይበቃል።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ ላይ የሚጻፈው «ሴንድ» ለሁሉም እኩል ነው። በአማርኛ ግን «ላክ» ማለት ወንድን፣ «ላኪ» ማለት ሴትን፣ «ይላኩ» ማለት ትልቅ ሰውን ማናገር ነው። የባንክ አፕ ሽማግሌውን «አስገባ» ብሎ ቢያዝ ሽማግሌው ቅር ይለዋል። ይህን የሚያውቀው ደጀን ገበያ ላይ ሰው ሲነጋገር ሰምቶ ያደገ ሰው እንጂ ከሩቅ ሆኖ የሚተረጉም አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች ያሉት የትኛውም ድርጅት ሊከፍልበት የሚገባ ዕውቀት ነው።

እስካሁን ይህን የፊደልና የቋንቋ መስክ የያዙት ጥቂቶች ናቸው። የኮምፒውተር ፊደላችን ታሪክ ራሱ በአብዛኛው በራሳቸው ጊዜና ገንዘብ የሠሩ ሰዎች ታሪክ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩት ዶ/ር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ከሞከሩት ቀደምቶች አንዱ ሆኑ። ፊደሉ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በኋላ ግን በብዙዎች ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡት የፊደል ቅርጾች በውጭ ሰዎች እጅ የተሳሉ ናቸው፤ የማይክሮሶፍቱ «ኒያላ» የጆን ሃድሰን፣ የአፕሉ «ኬፋ» የዤረሚ ኦርኑስ ሥራ ነው። ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ጥያቄው ከጎጃም ደብሮች ከዲማ ጊዮርጊስና ከመርጡለ ማርያም መንደር የወጣ ልጅ ለምን አልተጨመረበትም የሚለው ነው።

ከአገር ውስጥ ነገር ተነስቶ መሥራት እንደሚያዋጣ ያሳዩም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የጌም ሠሪ ድርጅት ስሙን «ቅኔ ጌምስ» ብሎ «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አወጣ፤ ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮ ናት ዋናዋ ባለታሪክ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍሪካ የአፕ ሽልማት ላይ አሸንፏል። ዶሮና ገበሬ ለማየት ሲሊከን ቫሊ መሄድ አያስፈልግም።

ቅኔ የሚለው ስም ደግሞ ለጎጃም ልጅ ከስም በላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የትናንቱን መድገም፣ የጓደኛውን ማምጣት ነውር ነው። ከቅኔ ዓይነቶች አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ምሥጢሩ ካልገባ ቅኔው ወደቀ። መምህሩ ያርማል፣ ያፈርሳል፣ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ሎጎ የሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሠልጠኛ ማግኘቱ ያጠራጥራል፦ ጠባብ ቦታ፣ አዲስነት፣ የሚያርም መምህር።

ከእነዚህ የመጨረሻው፣ የሚያርም መምህር፣ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከቅጥር ወጥቶ በግሉ መሥራት የጀመረ ሰው ደመወዙን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ የሚያርመውን ሰውም ያጣል። ቢሮ ውስጥ «ይህ አያምርም፣ እንደገና ሥራው» የሚል ባልደረባ ነበረው። ቤቱ ሲቀመጥ የሚያየው ደንበኛውን ብቻ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ቶሎ ማለቁን ነው። ስለዚህ በየከተማው ያሉ ዲዛይነሮችና ኮድ ጸሐፊዎች በሳምንት አንድ ቀን ሥራቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው የሚተራረሙበት ጉባኤ ቢያቋቁሙ ወጪው የሻይ ዋጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መብራትና ኢንተርኔት ያለው አንድ ክፍል ቢሰጥ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

እርግጥ ዓይንና ጉባኤ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ለራሱ የሚሠራ ባለሙያ በሁለት ክር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ኢንተርኔት፣ ሌላው ክፍያ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ተቀጣሪው በዚያ ጊዜ ደመወዙ ተከፍሎታል። ፍሪላንሰሩ ግን የገባው ቀጠሮ ፈረሰ፣ ደንበኛው ሌላ ሰው ፈለገ፣ በብዙ ድካም ያገኘው መልካም ስም ወደቀ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ሌላ አገር ላለ ሰው የሚያስረዳበት መስመር እንኳ አልነበረውም።

ክፍያውም ቀላል አልነበረም። ፔይፓል ለዓመታት ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አላስቻለም። ብዙዎች ውጭ አገር ባለ ዘመድ ሒሳብ ተቀብለው፣ ዘመዱ በሚመቸው ጊዜ እንዲልክላቸው ይለምኑ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። አስመጪውን ያስደነገጠው ቁጥር ዶላር ለሚያስገባው ዲዛይነር ሌላ ስሌት ነው፤ ከሩቅ ደንበኛ የተገኘች አንዲት አነስተኛ ሥራ በብር ስትመነዘር ዋጋዋ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ላፕቶፑ ግን እንዲሁ ተወደደ፤ ቤተሰቡ የሚገዛው ዘይትና ጤፍም አልቆመም። ስለዚህ ትርፉን በተገኘበት ወር ጨርሶ የሚበላ ሰው ሥራ በጠፋበት ወር ይቸገራል። ሦስት ወር የሚያቆይ ቁጠባ ሳይዙ ከደመወዝ መውጣት በባዶ ሆድ ዓባይ በረሃን እንደ መውረድ ነው።

መንግሥት በበኩሉ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የነጻ የመስመር ላይ ሥልጠና ጀምሯል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ማሠልጠኑም ጥሩ ነው። ግን ሠልጥኖ የወጣው ልጅ ደጀን ላይ ቁጭ ብሎ የሠራበትን ገንዘብ ያለ ልመና የሚቀበልበት፣ ገቢውን አስመዝግቦ ግብሩን የሚከፍልበት፣ ባንኩም ይህን ገቢ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ የሚያበድርበት መንገድ ካልተጠረገ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ የኢንተርኔት መስመሩ መቋረጥ የለበትም። ይህ ለወጣቱ የሚደረግ ውለታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ለከባድ መኪናው አስፓልት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለእሱም የሥራ መንገዱ ነው።

የከተማው ሰውም ድርሻ አለው። «ትንሽ ነገር እኮ ናት፣ በአምስት ደቂቃ ትሠራልኛለህ» የሚለው የአገር ቤት ደንበኛ የሚከፍለው ለወረቀቱና ለቀለሙ ነው፤ ለሐሳቡ መክፈል ይከብደዋል። በየጥሩ የሚበተነው የሠርግ ካርድ ይመሰክራል፦ ከየትም የወረደች አንዲት ቀይ ጽጌረዳ፣ ሁለት የተጠላለፉ ቀለበቶች፣ የሙሽሮቹ ስም ብቻ ተቀይሮ። ወጣቱ ሐረግ ያለበት፣ ስሙ በቀይ የተጻፈ፣ በሁለት ዓምድ የወረደ ካርድ ሠርቶ ቢያቀርብ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እንደ እነ እገሌ አድርግልኝ» የሚባልበት ጊዜ አለ።

ለመጪው ጥር የሚዳር ልጅ ያለው የደጀን አባት ግን ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈቱ ሱቅ ሲገባ የእነ እገሌን ካርድ ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት «አንተ ምን ታስባለህ?» ብሎ ቢጠይቅና ለመልሱም ከወረቀቱ ዋጋ ለይቶ ቢከፍል፣ ያ ልጅ ሥራ ይዟል።