በድንበር ሆስፒታሎች ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቀኑ መቼ ነው?

ሌሊት ነው። በሳምጣ፣ በአቡ ዓሪሽ ወይም በዓሪዳ ከሚገኙ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ድንገተኛ ክፍል ትኩሳት የያዘው፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ይገባል። ከተረኛው ሐኪም ጋር በቋንቋ አይግባባም። ከየት እንደመጣ ለመናገር ያመነታል። በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት የሚሰጠው ምርመራና መድኃኒት በሐኪሙ ዕውቀት ላይ ብቻ የሚመሠረት አይደለም። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወይም በነርሶች መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የሆስፒታሉ የአሠራር መመሪያም ይወስነዋል። ሌሊት በድካም የሚሠራ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው በዚያ ወረቀት ላይ ነውና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወረቀቱ የሚለውና በሪያድ የጤና ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ መመሪያ የሚለው አንድ ነውን? አንድ ካልሆነ በሽተኛው የሚታከመው በየትኛው ነው?

ይህ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። የጂዛን ክልል የወባ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1998 ወባ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ተዛምቶ በመንግሥቱ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታምሟል፤ ዋናው የጉዳት ቀጠናም ይኸው የጂዛን ቆላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ብርቱ ዘመቻ፣ በቤቶች ውስጥ በሚረጨው ኬሚካል፣ በአጎበር፣ በድንበር ላይ በሚደረገው ምርመራና በነጻ ሕክምና ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አገሪቱ በምድሯ ላይ የተላለፈ አንድም የወባ ሕመም እንዳልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ አስታወቀች። አሁን የሚታየው ወባ በአብዛኛው በመንገደኛ ደም ውስጥ ተሸሽጎ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜም ያ መንገደኛ የእኛ ወገን ነው።

በዚህ ዘመቻ መካከል የመድኃኒቱ መመሪያ ተለውጧል። ክሎሮኪን ለረጅም ዓመታት የቤተሰብ ያህል የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ የፋልሲፓረም ተሕዋስ ግን ተላመደው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪንን የያዘው፣ ሕዝቡ ኮአርተም የሚለው መድኃኒት የፋልሲፓረም የመጀመሪያ ተመራጭ ሕክምና ሆነ። በሣዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ተመራጭ የፋልሲፓረም ሕክምና ሆኖ አርቴሱኔት ከሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን ጋር ተጣምሮ ተደነገገ። መመሪያው በአንድ ቀን ፊርማ ይለወጣል፤ መደርደሪያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። አሮጌው ክኒን እስኪያልቅ፣ የተማረውን የለመደ ሐኪም እስኪሠለጥን፣ የተለጠፈው ወረቀት እስኪነሣ ድረስ የሚያልፉት ወራት የሚከፈልባቸው በበሽተኛው ነው።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በጽኑ ወባ የተያዘ ሰው በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ለብዙ ትውልድ ኪኒን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመ፣ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ከ5,400 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ኪኒንን ከአርቴሱኔት ጋር አነጻጸረ። ኪኒን ከተሰጣቸው 10.9 በመቶ፣ አርቴሱኔት ከተሰጣቸው ደግሞ 8.5 በመቶ የሚሆኑት ሞቱ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከአንድ ሺህ ጽኑ ሕሙማን ሲሰላ ግን ሃያ አራት ነፍስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ምክሩን ወዲያው ለወጠ። ከዚህ በኋላ በአንድ የገጠር ሆስፒታል የአሠራር መመሪያ ውስጥ ኪኒን በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ ቢገኝ ምን ይባላል? የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም፤ በጻፈበት ዘመን ልክ ነበር። ስሕተቱ ወረቀቱ ቀንና የማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈበት መሆኑ ነው።

ከዚህም ይልቅ የረቀቀው የፕሪማኪን ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንዘግይ። ፕሪማኪን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይሰጣል። ለፋልሲፓረም፣ ተሕዋሱ ወደ ትንኝ እንዳይተላለፍ፣ በኪሎ 0.25 ሚሊግራም የሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን አለ፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን መጠን ሲመክር የጂ6ፒዲ ምርመራ ሳይጠበቅ ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል። ለቫይቫክስ ግን፣ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሣውን ተሕዋስ ለማጥፋት፣ በተለመደው አሠራር ለ14 ቀናት ይወሰዳል፤ ይህም የበሽተኛው ጂ6ፒዲ ኢንዛይም ሳይመረመር መሰጠት የለበትም። የዚህ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ሕይወቱም አደጋ ላይ ይወድቃል። ዓረቦች ‹አኒሚያ አል-ፉል›፣ የባቄላ የደም ማነስ የሚሉት ይኸው እጥረት በጂዛን ሕዝብ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ከሲክል ሴል ሕመም ጋር በአንድ ቤት ውስጥ የሚገኝበትም ጊዜ አለ።

አንድ ሆስፒታል እነዚህን ሁለት ትእዛዞች በራሱ ቋንቋ አሳጥሮ በአንድ መስመር ቢጽፋቸው ምን ይከተላል? «ፕሪማኪን ያለ ምርመራ አይሰጥም» ብሎ ቢጽፍ የፋልሲፓረም በሽተኛው አንዷን ክኒን ሳይወስድ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ትንኟም ከእርሱ ደም ትቀዳለች። «ፕሪማኪን ምርመራ አያሻውም» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ የቫይቫክስ በሽተኛው በአሥራ አራቱ ቀናት ውስጥ በገዛ መድኃኒቱ ይጎዳል። ሁለቱም አረፍተ ነገሮች ከብሔራዊው ሰነድ የተወሰዱ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ማሳጠር ራሱ ሕክምና ነው፤ እንደ ሕክምናም ኃላፊነት አለበት።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ዳር አገር ግን ዋና ከተማ የማታየውን የሚያይበት ጊዜ አለ። በጤና ጣቢያዎች በሰፊው የሚሠራበት ፈጣን የወባ ምርመራ አብዛኛው የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን የተሕዋሱን ፕሮቲን ነው። በአፍሪካ ቀንድ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደለው የፋልሲፓረም ዝርያ ተስፋፍቷል። ኤርትራ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 የምርመራ መሣሪያዋን ለውጣለች፤ በኢትዮጵያም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ ዝርያ አግኝተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ሕመም ከ5 በመቶ ሲያልፍ መሣሪያው እንዲለወጥ ይመክራል። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከሑመራ በኩል ተነሥቶ በየመን አቋርጦ ጡዋል ወይም ሐርስ የደረሰ ሰው ፈጣን ምርመራው «የለበትም» ቢለው ነገሩ ገና አላለቀም። የደም ጠብታው በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ይህን በመጀመሪያ የሚያስተውለው የድንበሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ለሪያድ የሚነግራትም እርሱ ነው። የሚነግርበት መንገድ ከሌለው ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በራሱ ፈቃድ የራሱን ሕግ ያወጣል። ሁለቱም አይበጁም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 የሆነውን የክልሉ አዛውንት ያስታውሳሉ። በጎቹ ጨነገፉ፤ ቀጥሎም ሰዎች በትኩሳትና በደም መፍሰስ መሞት ጀመሩ። ምንነቱ ያልታወቀው ሕመም ከድንበሩ አካባቢ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተነገረ፤ ናሙናው ተላከ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት መሆኑ ተረጋገጠ። ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሣዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከመቶ በላይ ሰው አልፏል። ሆኖም በየጤና ጣቢያው ያሉ ሰዎች «ይህ ከመመሪያችን ውጭ ነው» ብለው ወደ ላይ ባይጮኹ ኖሮ ጉዳቱ ምን ያህል በሆነ ነበር! ከመመሪያ ጋር አንድ መሆን ማለት ከመመሪያው ውጭ የሆነውን ነገር ላለማየት ዓይንን መጨፈን አይደለም።

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ሐኪም ተጠያቂነት ሲጽፉ የቆየ አነጋገር አላቸው፤ ሙያውን የሚያውቅና የሙያውን ሥርዓት የጠበቀ ሐኪም ውጤቱ ቢከፋ ዋስ አይሆንም፤ ከታወቀው ሥርዓት የወጣ ግን ‹ዷሚን› ነው፣ ይከፍላል። በመንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የጤና ሙያተኞች ሕግም የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በዘመናችን «የታወቀው ሥርዓት» የሚባለው በብሔራዊ መመሪያ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሆስፒታል ከዚያ የሚለይ ወረቀት ለሠራተኞቹ ሲሰጥ፣ ሳያውቁት ከዋስትናው አጥር ውጭ እያቆማቸው ነው። ይህን ለሐኪሞቹም ለነርሶቹም ጥቅም እንላለን፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ናቸውና።

ወረቀት ብቻ ሳይሆን መስኮትም መመሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 30 ቀን 2020 በንጉሥ ሰልማን ትእዛዝ የኮሮና ሕክምና ለዜጋም ለነዋሪም፣ የመኖሪያ ሕግ ለተላለፈም ሰው ሳይቀር በነጻ እንዲሰጥ ተደነገገ። ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ አንድ የሚያስላቸው አዛውንት ይዞ ወደ አንድ የሕክምና ጣቢያ ሄዶ ነበር። የጠዋቱ ተረኛ «ኢቃማ» አለ፤ ኢቃማ አልነበራቸውም፤ ተመለሱ። ማታ ሌላ ተረኛ በዚያው መስኮት ምንም ሳይጠይቅ አስገባቸው። ትእዛዙ አንድ፣ ሕንጻው አንድ፣ መስኮቱም አንድ ነበር። የጠዋቱን ሰው ልንወቅሰው አንፈልግም፤ የሚሠራበት ወረቀት የቀድሞው ነበር፣ አዲሱን ማንም አልሰጠውም። አዛውንቱ ግን ያን ቀን በሙሉ በመስጊድ ጥላ ሥር ተኝተው ዋሉ።

አሁን ይህን ጉዳይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በጤናው ዘርፍ ለውጥ መሠረት ሆስፒታሎቹ ከሚኒስቴሩ ቀጥተኛ አስተዳደር ወጥተው በጤና ሆልዲንግ ኩባንያ ሥር በክልል የጤና ክላስተሮች እየተደራጁ ናቸው፤ ጂዛንም የራሷ ክላስተር አላት። ሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪና መመሪያ አውጪ ይሆናል። ዕቅዱ መልካም ነው። ነገር ግን ቤት በሚቀየርበት ጊዜ ዕቃ ይጠፋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋውም «ይህን የሚያሻሽለው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው የጤና ተቋማት የዕውቅና ማዕከላዊ ቦርድ የሆስፒታል መመሪያዎች በየጊዜው እንዲከለሱ ይጠይቃል። የእኛ ሐሳብ ከዚህ ጥቂት ያልፋል። ብሔራዊ መመሪያ ባለበት ጉዳይ ሆስፒታሉ የራሱን አዲስ ጽሑፍ ባይጽፍ ይሻላል፤ ብሔራዊውን እንዳለ ይያዝ፣ ከፊቱም የአካባቢውን ዝርዝር፣ ማለትም መድኃኒቱ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠራ፣ በሽተኛው ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚላክ የምታሳይ አንዲት ገጽ ያክል። መለየት ግድ ሲሆንም ምክንያቱ ይጻፍ፣ በክላስተሩ ይጽደቅ፣ ቀን ይቆረጥለት።

ከፈይፋና ከዳኢር ተራሮች የሚሠሩ ሐኪሞች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ መመሪያው የተጻፈው ሁሉ ነገር ለተሟላላቸው ከተሞች ነው፣ በእኛ ዘንድ አንዳንዱ ምርመራ ውጤቱ የሚመጣው በነጋታው ነው ይላሉ። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው። መልሱ ግን መመሪያውን በጸጥታ መተው ሳይሆን ጉድለቱን መዝግቦ የጎደለውን መጠየቅ ነው። በጸጥታ የተተወ መመሪያ በሪያድ መዝገብ ላይ «ተፈጻሚ» ተብሎ ይቀመጣል፤ የጎደለውም መሣሪያ መቼም አይመጣም።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል። የበሽተኛ መብት ሰነዱ ሕመምተኛው ስለ ሕክምናው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይላል። በተግባር ግን አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛው ወይም የበሽተኛው ወንድም ነው። «ሐበሻ» ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ በአማርኛ መናገርም አይበቃም፤ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያውቅ አለ፣ ትግርኛ ብቻ የሚያውቅ አለ። የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ለሦስት ቀን ብቻ ተወስዶ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በኦክቶበር የሚጀምረውና እስከ ኤፕሪል የሚዘልቀው የወባ ወቅት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ወደ ግድግዳው ቀርቦ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ቢያነብ መልካም ነው። አንባቢያችንም ትኩሳት ቢይዘው ሳይዘገይ ይሂድ፤ ከየት እንደመጣና በመንገዱ የት የት እንዳደረ፣ አስቀድሞ የዋጠውን ክኒን፣ በቤተሰቡም የባቄላው የደም ማነስ ያለበት ሰው እንዳለ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ተገቢው ሕክምና ከተነፈገው ወይም ካልተረዳው የሚኒስቴሩ የስልክ ቁጥር 937 ነው።