ኃላፊነት በቃል ትእዛዝ ብቻ አይሸጋገርም

በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ከነበረበት የሥራ መደብ ከፍ ሲል ወይም በያዘው ተግባር ላይ ሌላ ሲታከልበት ማየት የተለመደ ነው። በሽመና መኪና ላይ የተካነው ሠራተኛ የፈረቃ ኃላፊ ይሆናል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ደርቦ ይይዛል። የሹመቱ ደብዳቤ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ከአዲሱ ተግባር ጋር መላመድ ግን ጊዜን፣ ሥልጠናንና ግልጽ አሠራርን የሚጠይቅ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሌሎችን ማሠራት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ትናንት ውጤቱ በራሱ እጅ ይለካ የነበረው ሠራተኛ፣ ዛሬ የሚመዘነው ባልደረቦቹ በሚያስገኙት ምርት ነው። ክር በተበጠሰ ቁጥር ራሱ ሮጦ የሚቀጥል የፈረቃ ኃላፊ ትጉህ ቢመስልም፣ አዲሱ ሠራተኛ ሙያውን ሳይለምድ እንዲቀር፣ የቀሩትም መኪናዎች ተቆጣጣሪ እንዲያጡ ያደርጋል። የትናንት ጓደኞቹን ላለማስቀየም ጥፋትን የሚሸፋፍነውም ሆነ አለቅነቱን ለማሳየት በየአጋጣሚው የሚቆጣው ኃላፊ የሥራ ዲሲፕሊንን ያዳክማሉ።

ይሁንና ጉድለቱን ሁሉ በአዲሱ ተሿሚ ላይ መጣል ትክክል አይሆንም። «የሄደው ሰው እስኪተካ ድረስ» በሚል የቃል ትእዛዝ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ለወራት የሚቆይበት ጊዜ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራውም ክፍያው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ የተጨመረው ተግባር በመደበኛው ሰዓት የማያልቅ ከሆነ ሰዓቱ ተመዝግቦ ሊከፈልበት ይገባል፤ በ«ትብብር» ስም ሊታለፍ አይችልም።

ሌላም ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። ይኸው አዋጅ ሠራተኛን የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠውን የሥራ መሪ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። እንዲህ ያለው ሰው ከላይ የጠቀስናቸውን የሰዓትና የክፍያ ድንጋጌዎች በአዋጁ መሠረት ሊጠይቅ አይችልም። በመሆኑም የሹመት ደብዳቤ የሚቀበል ሁሉ የደመወዙን ልክ ብቻ ሳይሆን የሥልጣኑን ዓይነት ለይቶ ማንበብ፣ ያልገባውንም ከመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መመካከር ይኖርበታል።

በየሠፈራችን ያለው እድር በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ጥሬ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ መዝገቡ ይመረመራል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ሳይቀር በምስክር ፊት ይለያል። የቀድሞው ፈርሞ ያስረክባል፤ አዲሱም ፈርሞ ይረከባል። በጎረቤቶች መካከል ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ የብዙ ሰው እንጀራ በተመሠረተበት ድርጅት ውስጥ ከዚህ ያነሰ አሠራር ሊኖር አይገባም።

እንግዲህ ኃላፊነትን የሚሰጥ አካል የተግባሩን ዝርዝር፣ ሥልጣኑን፣ የመለማመጃ ጊዜውንና ክፍያውን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ የሚቀበለውም የማያውቀውን ለመጠየቅ፣ የሚያውቀውንም ለተተኪው ለማስተማር ይዘጋጅ እንላለን። ተተኪውን ሳያስተምር ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ የቀድሞውን ሥራ ተሸክሞት መውጣቱ አይቀርምና።