«ሁሉም ተጠቃልሏል» ሲባል ስንቱ ነው የተጠቃለለው?



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባና ስለ ባንክ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ መዝናኛ ጉዞ እንጽፋለን። ምክንያቱም በየበጋው ወላጆች ወደ ቢሮአችን እየመጡ፣ «ልጆቻችን ‹የክፍል ጓደኞቻችን ሁሉ ውጭ አገር ሄደው መጡ፣ እኛ ብቻ ቀረን› እያሉ ያስጨንቁናል፤ ምን እናድርግ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ በውስጡ የገንዘብም፣ የክብርም፣ የወላጅና የልጅ ጉዳይም አለበት። ስለሆነም ምክር ከመስጠታችን አስቀድሞ እኛ ራሳችን ሄደን ያየነውን እንነግራችኋለን።

በኦገስት ወር 2019 እ.ኤ.አ. የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ኮሚቴ (ቫዓድ ኦቭዲም) ባዘጋጀው ጉዞ ወደ ቱርክ አገር ሄደን፣ አንታልያ በምትባለው ከተማ አጠገብ ባለ የባሕር ዳር ሆቴል አራት ሌሊት አድረን ነበር። ሰንበትን እንዳይነካ እሑድ ሄደን ሐሙስ ተመለስን። ይህ ጉዞ በእስራኤል አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ብዙ የሠራተኞች ኮሚቴዎች አባሎቻቸውን ወደዚያ ሲልኩ ኖረዋል። በ2010 በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ተጓዡ በጣም ቀንሶ ነበር፤ እየቆየ ግን ተመለሰ። ቦታው ቅርብ ነው፤ አውሮፕላኑ ከተነሣ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላው ያርፋል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተን ላራ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ስንጓዝ በግራና በቀኝ የተሠሩት ሆቴሎች የነገሥታት ግቢ ይመስላሉ። ይመስላሉ ብቻም አይደለም፤ አንዱ በሞስኮ ክሬምሊን አምሳል፣ ሌላው በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት አምሳል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በስተ ሰሜን የታውሮስ ተራሮች ይታያሉ። በከተማውና በላራ መካከል ደግሞ ዱደን የሚባለው ወንዝ ከገደል ላይ ተወርውሮ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወድቃል። አባይ ጢስ እሳትን ያየ ሰው በብዛቱ ባይደነቅም፣ ወንዝ ከገደል አፍ ላይ ሆኖ ባሕር ውስጥ ሲፈስ ማየት ግን የሚያስደንቅ ነው።

ሆቴሉ ስንደርስ በእያንዳንዳችን እጅ ላይ የማይፈታ የፕላስቲክ አምባር አሠሩልን። አምባሩን ያሠረ ሰው ምግቡንም፣ መጠጡንም፣ መዋኛውንም ሳይከፍል ያገኛል። በዕብራይስጥ «ሀኮል ካሉል» የሚባለው ይህ ነው፤ «ሁሉም ተጠቃልሏል» ማለት ነው።

በዚያው ሆቴል አንድ የምናውቀው ቤተሰብ አገኘን። በ2012 ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ነው። አባትየው በፋብሪካ፣ እናትየው በጽዳት ሥራ ይተዳደራሉ። የ14 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አላቸው፤ የአባትየው እናትም አብረዋቸው ነበሩ። ስማቸውን አንጠቅስም፤ የሆነውን እንድንጽፍ ግን ፈቅደውልናል።

በመጀመሪያ ስለ እማማ እንናገር። የምግቡ አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር በምግብ የተሞላ ነበር። ነገር ግን የኮሸር ወጥ ቤት አልነበረውም። የእኛዎቹ ሰዎች አንዳንዶቹ አትክልትና ፍራፍሬ፣ እርጎና እንቁላል እየመረጡ በሉ፤ ሌሎቹም እንደየልማዳቸው አደረጉ። እማማ ግን ከቤታቸው በነጠላ ቋጥረው ያመጡትን ዳቦ ቆሎና በሶ አውጥተው፣ የራሳቸውን ሳሕን ዘርግተው በማዕዱ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ። ልጁ አፈረ። በዕብራይስጥ፣ «እማማ፣ ሰው እያየን ነው፤ ደብቂው» አለ። እማማ የተባለው ገብቷቸው ኖሮ እንዲህ ሲሉ መለሱለት። «ሰው ቢያየኝ ምን አለበት? አባቶቼ በክፉ ቀን፣ በራብ ዘመን እንኳ ሌላ ሰው ያረደውን አልበሉም። እኔ በጥጋብ አገር ልብላ?»

ከአስተናጋጆቹ አንዱ ይህን ነገር ሁለት ቀን አይቶ በሦስተኛው ቀን አንድ ያልተቆረጠ ሐብሐብ አምጥቶ ከፊታቸው አኖረና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደላቸው። እማማ በራሳቸው ቢላዋ ቆርጠው ለሁላችንም አደሉን፤ «ዕድሜ ይስጥህ» ብለውም መረቁት። ልጁም ከእጃቸው ተቀብሎ በላ።

እናትየው ደግሞ በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ አልጋውን ታነጥፋለች፣ መታጠቢያ ቤቱን ትወለውላለች። ክፍል የምታጸዳው ሴት ስትመጣ የምትሠራው ሥራ ታጣለች። በመጀመሪያ ቅሬታ ያለባቸው መስሏት ደንግጣ ነበር። በኋላ በተሰባበረ ዕብራይስጥና በምልክት ተግባቡ። ከምሥራቅ ቱርክ ለበጋው ሥራ የመጣች፣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ የወጣች ሴት ናት። የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ተያዩ። እናትየው ለእኛ እንዲህ አለችን። «እኔ ስጠርግ እጄን አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። የእሷን ግን አየሁት፤ እንደ እኔው በበረኪና ተልጧል።» ባለሙያዎች ነን የምንለው እኛ በዚያ ሆቴል ስንመላለስ ያላየነውን እርሷ በመጀመሪያው ቀን አየችው።

በጉብኝቱ ቀን ወደ አሮጌው ከተማ ወሰዱን። በዚያ ሦስት ቅስቶች ያሉት የዕብነ በረድ በር አለ፤ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ በ130 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተማይቱን በጎበኘ ጊዜ ለክብሩ የተሠራ ነው። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ባር ኮኽባ የተነሣበትና ይሁዳን ያጠፋው ንጉሥ መሆኑን ለእማማ ነገርናቸው። ቀና ብለው አዩትና፣ «እርሱ አለፈ፣ በሩ ቀረ፤ እኛ ግን አለን» አሉ። ከአንታልያ በስተ ምሥራቅ ሲዴ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ ደግሞ በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረ ምኩራብ ከአንድ አሮጌ ቤት ሥር መገኘቱ በ2021 መጨረሻ ተነግሯል። የሜኖራ ሥዕልና «ሻሎም» የሚል የዕብራይስጥ ቃል የተቀረጸበት ድንጋይ አብሮ ተገኝቷል። እኛ በ2019 ስንሄድ ይህ ገና አልታወቀም ነበር። ከጉብኝቱ ሰዓት ውስጥ የሚበዛውን የወሰደው ግን ታሪኩ አልነበረም፤ አውቶቡሱ በቆዳ ልብስና በወርቅ መደብሮች በር ላይ እየቆመ ነው ያለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሐሙስ ቀን ቁልፍ ስናስረክብ እንግዳ ተቀባዩ ለአባትየው አንድ ወረቀት ሰጠው። 214 ዩሮ ይከፈል ይላል። አባትየው፣ «ሁሉም ተጠቃልሏል አልተባለም እንዴ?» ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተር ጀልባ መጎተቱ፣ በጃንጥላ ከባሕር በላይ መብረሩ፣ የኤሌክትሪክ ጨዋታው፣ የቱርክ ሐማም እሽቱ አልተጠቃለሉም ነበር። ልጁ ከክፍያ ወረቀቶቹ አንዳንዶቹን ራሱ ፈርሟል፤ ሌሎቹን ደግሞ ለአባቱ አቅርቦ፣ «አባዬ፣ የፎጣ ነው፣ ፈርም» ብሎታል። አባትየውም ፈርሟል።

እኛ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ እንዲታዩ ጠየቅን። አንዱ የ48 ዩሮ ወረቀት የሌላ ክፍል ቁጥር ያለበት ሆኖ ተገኘና ተቀነሰ። የቀረውን 166 ዩሮ አባትየው ከፈለ። በአውቶቡስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከልባችን አልጠፋም። «ገንዘቤን ስለወሰደ አይደለም የከፋኝ። ዓይኔ እርሱ ነው። ዓይኔ ከዋሸኝ በምን አያለሁ?»

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ይህ የሆቴል ነገር ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ በባንክ፣ በኩፓት ሖሊም፣ በትምህርት ቤትና በቢቱዋሕ ሌኡሚ ልጆቻችሁ እያስተረጎሙላችሁ የማታነቡትን ወረቀት ትፈርማላችሁ። ልጆቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም የሚያሳስቱት። ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሸክም ስለተጫነባቸው ነው። የመምህሩን ወቀሳ ለአባቱ የሚተረጉም ልጅ በራሱ ላይ ምስክር መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ትልቅ ሰውም አይችለውም።

የቤተሰቡ ነገር በዚያ አላበቃም። ኮሚቴው የደጎመው የሠራተኛውን ድርሻ ብቻ ነበር። የባለቤቱ፣ የልጆቹና የእማማ ሒሳብ በ12 ወር ክፍያ (ታሽሉሚም) ተከፋፍሎ በክሬዲት ካርድ ተወሰደ። የመጻሕፍት መግዣና የበዓላቱ ወጪ በላዩ ሲጨመር በኦክቶበር ሒሳቡ ወደ ሚኑስ ገባ፤ ወደ ቢሮአችንም መጡ። ከአባትየው ጋር ወደ ባንክ ሄደን ዕዳው በሚቻል መጠን ተስተካከለ። ስለ ልጁ ግን ውሳኔውን የሰጠው አባትየው ራሱ ነው። ገንዘቡን መልስ አላለውም። «የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ፣ ስለ አንተ ክፉ የሚናገረውንም ቢሆን፣ ከላይ እስከ ታች ታነብልኛለህ፤ እኔም ከአንተ ጎን ተቀምጬ ፊደሉን እማራለሁ» አለው። በየሳምንቱ እሑድ ማታ እንዲሁ ሲያደርጉ ቆዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባትየው የደመወዝ ወረቀቱን (ትሉሽ) ራሱ አንብቦ ያልተከፈለው ቀን እንዳለ አግኝቶ ጠይቋል።

እንግዲህ ወደ ውጭ አገር አትሂዱ አንልም። ዕረፍት ለሠራተኛ ሰው መብቱ ነው። ነገር ግን የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1. መብታችሁን እወቁ። በአንድ ቀጣሪ ዘንድ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የመዝናኛ ክፍያ (ደሜ ሀቭራኣ) ይገባዋል። በ2019 በግል ድርጅቶች ለመጀመሪያው ዓመት የ5 ቀን፣ ለ2ኛውና ለ3ኛው ዓመት የ6 ቀን፣ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ዓመት የ7 ቀን ነበር፤ የአንዱ ቀን ዋጋም 378 ሸቅል ነበር። ለአንደኛው ዓመት 1,890 ሸቅል ይሆናል ማለት ነው። በ2023 የቀኑ ዋጋ ወደ 418 ሸቅል ከፍ ብሏል። በከፊል ሰዓት የሚሠራ በልኩ ያገኛል። በቀብላን በኩል በጽዳት ሥራ ላይ ላሉት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ልክ ተወስኗል። የዘንድሮውን ልክ ከመሥሪያ ቤታችሁ ሒሳብ ክፍል ጠይቁ። ይህን ገንዘብ ሳትጠይቁ ብድር አትውሰዱ።

2. ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ምን ተጠቃልሏል? ምንስ አልተጠቃለለም? ለልጅና ለአረጋዊ ስንት ነው? የኮሸር ምግብ አለ ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

3. መድን ግዙ። ኩፓት ሖሊም በውጭ አገር የሚደረገውን ሕክምና በተለመደው ሁኔታ አይከፍልም። የጉዞ መድን (ቢቱዋሕ ነስዖት) ስትገዙ የቆየ ሕመም ካለባችሁ ስኳርም ሆነ ደም ብዛት አትደብቁ፤ ከደበቃችሁ በኋላ አይከፍሏችሁም።

4. ወደምትሄዱበት አገር የወጣ ማስጠንቀቂያ መኖሩን አጣሩ። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ከእስራኤል ወደ ቱርክ የነበረው ቀጥታ በረራ ቆመ፤ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤትም ለቱርክ የጉዞ ማስጠንቀቂያውን ወደ መጨረሻው ደረጃ፣ ወደ 4 ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች አዙሯል። የአምባሩና የክፍያ ወረቀቱ ነገር ግን በሮዶስም ሆነ በኤላት ያው ነው።

5. ያልገባችሁን አትፈርሙ። «ነገ እፈርማለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ለባንክ፣ ለሕክምናና ለፍርድ ጉዳይ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ትልቅ ሰው ጠይቁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል። ስለሆነም በአማርኛ አስረዱኝ ብላችሁ የምትጠይቁት በልመና ሳይሆን በመብት ነው።

6. ልጆች «ለምን አንሄድም?» ሲሏችሁ አትቆጡ፤ አትዋሹም። ይህን ያህል ደመወዝ ይገባል፣ ይህን ያህል ለቤት፣ ይህን ያህል ለምግብ ይወጣል ብላችሁ አስቆጥሯቸው። ልጅ የቤቱን ሒሳብ ሲያውቅ ያዝናል እንጂ አይንቃችሁም። የኪኔሬት ዳር አንድ ቀንም ቢሆን አብሮ ከተዋለበት ዕረፍት ነው።

ያ ልጅ አሁን ወታደርነቱን ጨርሷል። በቅርቡ አግኝተነው ከዚያ ጉዞ ምን እንደሚያስታውስ ጠየቅነው። በባሕሩ ላይ ስለ መብረሩ ያወራናል ብለን ነበር። እርሱ ግን፣ «የእማማን ሐብሐብ» አለን።

ጥያቄ ያላችሁ በየአካባቢያችሁ ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ብቅ በሉ። ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።

መልካም በጋ ይሁንላችሁ።