የሜዳይ ዕድሜ ከጠርዙ ይመረመራል

የመታሰቢያ ሜዳይ ሰብሳቢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር፥ በሜዳዩ ላይ የተቀረጸው ዓመት ድርጊቱ የተፈጸመበት እንጂ ሁልጊዜ ሜዳዩ የታተመበት አለመሆኑን ነው። ይኸን ሳይለይ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ለግልባጩ የዋናውን ዋጋ ይከፍላል።

ለዚህም የአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሜዳዮች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 17 ቀን 1776 የእንግሊዝ ጦር ቦስተንን ለቅቆ ሲወጣ፥ የአሜሪካ ኮንግረስ በ25ኛው ቀን ለጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን የወርቅ ሜዳይ እንዲሰጥ ወሰነ። ቅርጹን በፓሪስ የሠራው ፒዬር ሲሞን ዱቪቪዬ ሲሆን፥ ሜዳዩ ለዋሽንግተን የደረሰው ግን በ1790 ነው። በጀርባው የሚነበበው ዓመት 1776 ነው፤ ያውም በሮማውያን ቁጥር። ይኸንኑ ወርቅ የቦስተን ሰዎች በ1876 ከዋሽንግተን ቤተ ዘመዶች ገዝተውት፥ ዛሬ በከተማዪቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ስለዚህ «ዋናው ወርቅ በእጄ ነው» ለሚል ሻጭ መልሱ አጭር ነው።

ችግሩ ያለው በመዳቡ ላይ ነው። የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሜዳዩን በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ አትሞታል፤ የፊላደልፊያውም ቤት የራሱን ግልባጭ አውጥቷል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የፓሪሱ ቤት በጠርዙ ላይ ምልክቱን ያኖር ነበርና። አመልካች እጅ ከ1845 እስከ 1860፥ ንብ ከ1860 እስከ 1880፥ ከዚያም ወዲህ ፍሬ የሞላበት ቀንድ ነው። ነገር ግን ምልክት የሌለው ሁሉ ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም፤ ሞረድ የሚባል መሣሪያ አለ። ስለዚህ ገማቹ ሜዳዩን መዝኖ፥ ውፍረቱን ለክቶ፥ በማተሚያው ብረት ዝገትና ስንጥቅ ምክንያት በሜዳዩ ላይ የቀረውን አሻራ ዕድሜው ከታወቀ ሌላ ሜዳይ ጋር ያስተያያል። በሎሚና በአመድ ተፈትጎ ያብረቀረቀ ሜዳይ ሲቀርብለትም፥ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ንቡን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ሜዳዩን የሚያሳይ ሻጭ፥ ያምናን ቡና ከዘንድሮው ደባልቆ ከሚልክ ነጋዴ በምን ይለያል? ሐሰት አልተናገርሁም ሊል ይችላል፤ ገዢው ግን የከፈለው ለዝምታው ነው። ስለዚህ በፋክቱሩ ላይ ሁለት ዓመት ሊጻፍ ይገባል፤ አንዱ የድርጊቱ፥ ሁለተኛው የታተመበት። የታተመበት ዘመን ካልታወቀም «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቆረጥ።