ወንድ ማጀት ቢገባ ምን አለበት?

ለነን ካፌ ተማሪ ወር ማለት ሁለት ሳምንት ነው፤ የቀረው ብድር ነው። እኔም አምና እንደዚሁ ነበርኩ። ወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን ለምግብ የምንቀበለው ብር ስጦታ አይደለም፤ ተመርቀን የምንከፍለው ዕዳ ነው።

ዘንድሮ ፔዳ አካባቢ ቤት የተከራየን ሦስት ወንዶች ስቶቭ ገዛን። ሽሮና በርበሬው ከየቤታችን ተላከልን። ሽንኩርትና ዘይት በመዋጮ፣ እንጀራ ከጎረቤት እንገዛለን። አንዳንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ወርደን ቀረሶ እናመጣለን። በሁለት ሰው የምግብ ቤት ሽሮ ዋጋ ሦስታችን ምሳና እራት እንበላለን።

ታዲያ ሌላው ለምን አያበስልም? «ጊዜ የለም» ይባላል። አላምንም! ምግብ ቤት ተቀምጠን በምንጠብቅበት ሰዓት ሽሮው ይንተከተካል። እውነቱ እፍረት ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርት የምከትፈው በር ዘግቼ ነበር፤ ሰው ሲያንኳኳ ቢላዋ ደብቄያለሁ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ተብለን አድገናላ!

ግን ወር ሳይጋመስ «እማዬ፣ ብር ላኪልኝ» ብሎ መደወልስ አያሳፍርም? እናቴ ያንን ብር የምታገኘው ጠላ ሸጣ ነው።

አሁን በሬን ከፍቼ እከትፋለሁ። እናንተስ?